የኢዜል ስቲል ጊታር በእኔ ቤዝ ውስጥ

ይህን የምጽፈው ላሳምናችሁ አይደለም። እኔ ራሴ አንዳንድ ቀን አላምነውም።

ግን ሆኗል። በእናቴ ቤት፣ በገዛ እጄ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆኗል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ወሩ ነሐሴ። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል።

መብራት አልጠፋም። ነፋስ አላፏጨም። ከጓሮ ያለው ብርቱካን እርሻ ውሃ ይረጫል፣ ጎረቤታችን ሳር ያጭዳል። መሃል ፍሎሪዳ በነሐሴ እንዲህ ነው... ሙቀት፣ ላብ፣ የሞተር ድምፅ።

በዚህ ሁሉ መሃል ነው የሆነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ወንድሜ ኢዜል የቤተ ክርስቲያናችን ስቲል ጊታር ተጫዋች ነበር። ስቲል ጊታር ጭን ላይ ተጋድሞ፣ ክሮቹ ላይ የብረት ዘንግ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ነው። እኛ ጋ ኦርጋን የለም። ሰባኪው ሲጮኽ ስቲሉ አብሮት ይጮኻል፣ እናቶች ሲያለቅሱ አብሯቸው ያለቅሳል።

ኢዜል ሲጫወት ሰው የመዝሙሩን ቃል ይሰማ ነበር። ማንም ሳይዘምር... ቃሉን።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሞተ።

ከሌላ ከተማ ጉባኤ ሲመለስ፣ ንጋት ላይ፣ በጉም ውስጥ መኪናው ከመንገድ ወጥታ የእርሻው ቦይ ውስጥ ገባች። ያገኙት ከሰዓት በኋላ ነው።

ፖሊሱ ቆቡን አውልቆ ለእናቴ፦ "ወዲያው ነው ያረፉት እማማ። ምንም አልተሰማቸውም" አላት።

እናቴ ከዚያ ሁሉ ነገር የያዘችው ይችን ብቻ ነው። ለለቅሶ ለሚመጣው ሁሉ ትደግማታለች።

"ወዲያው ነው። ልጄ አልተሰቃየም።"

 ምግብ ግን እምቢ አለች። ጎመን ሠሩላት፣ አሳ ጠበሱላት... ሳህኑ እንደተሞላ ይመለሳል። ከቀን ወደ ቀን ቀሚሷ እየሰፋባት ሄደ።

እኔ የመጣሁት ከስኮትላንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ነበርኩ። የተማርኩት ስለ ድምፅ ነው... ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር፣ እንዴት እንደሚጓዝ፣ እንዴት እንደሚጠፋ። ለቀብሩ አልደረስኩም። በሁለተኛው ቀን ገባሁ።

አንድ ጠዋት እናቴ እጄን ይዛ፦ "ታድ" አለችኝ።

"አቤት ማማ።"

"ድምፁን አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማ... እበላ ነበር።"

ኢዜል በሕይወቱ አንድም ቀን ድምፁን አልቀዳም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅረጫ አይፈቀድም። ጊታሩም መኪናው ውስጥ ነበር። ውሃ ጠጥቶ እንጨቱ ለሁለት ተሰንጥቋል።

የተረፈው ፒካፑ ብቻ ነው። መኪናውን ማለቴ አይደለም። የክሩን እንቅስቃሴ አዳምጦ ወደ ስፒከር የሚልከውን ዕቃ ነው የምላችሁ። የኢዜል ከአያታችን ዘመን የመጣ ነው፤ ክሮቹን ከላይ የሚያቅፉ ሁለት የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ማግኔቶች፣ ከሥራቸው ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት መጠቅለያ።

የስቲሉ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። እንጨቱ ላይ አይደለም።

እኔ ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው። ስለዚህ አሰብኩ... የኢዜልን ፒካፕ ቤዜ ላይ ብገጥመው፣ እሁድ በመታሰቢያው ጸሎት እናቴ የእሱን ድምፅ ትሰማለች። በእኔ ጣት ይሁን እንጂ የእሱን ድምፅ።

ፒካፑን በመሐረብ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ከበሮ መቺያችን ዲያቆን ቡከር ነው። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ቀልድ ሳይናገር በር አይገባም።

"ፕሮፌሰር! ዘጠኝ ዓመት ተምረህ ሽቦ ልታስር መጣህ?"

"ሽቦ ማሰር ነው ያስተማሩኝ ዲያቆን።"

"ገንዘቤን መልሱ በላቸው" ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተለወጠ። "ስማኝ። ከመንካትህ በፊት እናትህ ዘይት ትቀባው። የሞተ ሰው ዕቃ ሳይቀባ በሌላ እጅ አይነካም። ታውቃለህ።"

አውቃለሁ። እኛ ጋ ስቲል ተጫዋች ሲሞት የቤተ ክርስቲያኗ እናቶች መሣሪያውን በወይራ ዘይት ቀብተው፣ ጸልየው ነው ለሚቀጥለው የሚያስረክቡት።

እኔ ደግሞ ዘይት የሽቦ ጠላት መሆኑን ተምሬያለሁ።

"እሺ" አልኩት።

አላስቀባሁም።

ሰኞ ጓሮ ባለችው የዕቃ ቤት ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሽቦውን ለካሁት። ቦይ ውስጥ የዋለ ሽቦ ዝጎ መቆረጥ ነበረበት።

አልተቆረጠም።

"ሕይወት አለው" አልኩ ለራሴ። በሙያችን እንዲህ ነው የምንለው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ፒካፑ ለስድስት ቀጫጭን ክር የተሠራ ነው፤ ቤዝ ያለው አራት ወፋፍራም ክር ነው፣ በመሃላቸው ያለው ርቀትም ይሰፋል። ከታች፣ እጅ በሚመታበት በኩል ብገጥመው ዳርና ዳር ያሉት ክሮች ከማግኔቱ ያመልጣሉ። ስለዚህ ወደ አንገቱ አስጠጋሁት፤ እዚያ ክሮቹ ይቀራረባሉ። ክሮቹን አወለቅሁ። ክሮቹን አወለቅሁ። የሽቦውን ሁለት ጫፎች በየድኩ።

ክሮቹን መልሼ በማግኔቶቹ ሥር ሳላሳልፍ፣ ለሙከራ አምፕሊፋየሩን አበራሁ።

ጠረጴዛውን በጣቴ መታሁ። ስፒከሩ፦ ዱብ።

"አንድ... ሁለት" አልኩ። ስፒከሩ፦ አንድ... ሁለት።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሽቦውን የያዘው ሰም ረግፎ ያለቀ አሮጌ ፒካፕ እንደ ማይክሮፎን ማንኛውንም ድምፅ ይለቅማል። መድኃኒቱ የቀለጠ ሰም ውስጥ መንከር ነው። ሰሙ በሽቦዎቹ መሃል ገብቶ ዝም ያሰኘዋል።

ከእሁድ በፊት እነክረዋለሁ ብዬ ላጠፋው እጄን ሰደድኩ።

ስፒከሩ ይተነፍስ ነበር።

የኔ ትንፋሽ ነው፣ ፒካፑ ለቅሞት ነው አልኩ። ትንፋሼን ያዝኩ።

እሱ ግን... ቀጠለ።

አጠፋሁት። ሬዲዮ ጣቢያ ይሆናል አልኩ። የትኛው ሬዲዮ ጣቢያ ትንፋሽ እንደሚያስተላልፍ ራሴን አልጠየቅሁም።

ማክሰኞ ክሮቹን ገጠምኩ። አበራሁ። አንድም ክር አልነካሁም።

የመኪና ሞተር ሰማሁ። ወደ ውጭ ተመለከትኩ፤ መኪና የለም። የዝናብ መጥረጊያ ሰማሁ... ወዲያ፣ ወዲህ... ወዲያ፣ ወዲህ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ከዚያ ሰው አንጎራጎረ። አፉን ሳይከፍት፣ በአፍንጫው።

ከኋላዬ ወለሉ ሲጢጥ አለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማለች።

"ማነው?"

"ማንም የለም ማማ። ማሽኑ ነው።"

"ዝም በል።"

"ማማ..."

"ዝም በል አልኩህ።" ጣቷን ከፍ አደረገች። "ሁለተኛው ስንኝ ላይ ደርሷል።"

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ሃያ ደቂቃ ያህል አዳመጠች። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን አላለቀሰም።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ "ርቦኛል።"

እንዴት ወደ ኩሽና እንደሮጥኩ! የበቆሎ ገንፎ በቅቤ አድርጌ አመጣሁላት። ስፒከሩን እያየች ጥርግ አድርጋ በላች።

እውነቱን ልንገራችሁ... በዚያ ሰዓት ምን እንደሆነ ማወቅ አልፈለግሁም። ፒካፕ ድምፅ አያስቀምጥም። የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ይህንን ለፈተና ጽፌ አልፌበታለሁ። ግን እናቴ በላች።

ረቡዕ ሁለት ነገር ተረዳሁ።

አንደኛው፣ ሳጠፋው ይቆማል፤ ሳበራው ካቆመበት ይቀጥላል። የተሰማው ደግሞ አይደገምም።

ሁለተኛውን የነገረኝ ዲያቆን ቡከር ነው። የተቀቀለ ኦቾሎኒ ይዞ መጣ።

"እናት ቨርዴል! እየበሉ ነው አሉ። እኔ ለምን ብቻዎን ይበላሉ ብዬ መጣሁ" አላት እናቴን።

"ቁጭ በልና ዝም በል ቡከር። ልጄ እየነዳ ነው።"

አዛውንቱ ሳቁን ጀምሮ... የስፒከሩን ድምፅ ሰማ። ባርኔጣውን አወለቀ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ደጅ አወጣኝ።

"ዘይቱን ቀባችው?"

ወደ ውስጥ ልመለስ ዞርኩ።

"ጠየቅሁህ እኮ ልጄ።"

"አልተቀባም።"

ኦቾሎኒው ከእጁ አልወደቀም፣ አልጮኸብኝም። በሹክሹክታ ብቻ፦ "ከጉባኤው ሲወጣ መኪናው ድረስ ሸኝቼዋለሁ። ያን መዝሙር እያንጎራጎረ ነው የሄደው" አለ።

"ምን ማለትዎ ነው?"

"የዚያን ቀን መንገድ ነው የምትሰሙት። መንገዱ የት እንደሚያበቃ ደግሞ ታውቃለህ።"

ወደ ውስጥ ተመለስኩ። እናቴ ፈገግ ብላ፦ "ስልክ እየደወለ ነው" አለችኝ።

በስፒከሩ ውስጥ ስልክ ይጠራል። አንዴ... ሁለቴ... ሦስቴ... አራቴ።

ከዚያ የራሴ ድምፅ መጣ።

"ታድ ነኝ። አሁን ማንሳት አልችልም። መልእክት ተዉልኝ።"

ኢዜል መልእክት አልተወም። ዘጋው። ለራሱ ሳቅ ብሎ እንዲህ አለ፦

"ተኝቶ ነው። እዚያ ሌሊት ነው... ይተኛ።"

ኢዜል የስኮትላንድን ሰዓት አንድ ቀን እንኳ በትክክል ቆጥሮት አያውቅም። እዚያ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ሻይ ይዤ በመስኮት አጠገብ ቆሜያለሁ። ስሙ ስልኬ ላይ ሲበራ አይቻለሁ።

እያየሁ ስልኩን ገለበጥኩት። "መቼ ነው የምትመለሰው? ቤዝ የሚመታ ሰው የለንም" ሊለኝ ነው ብዬ። ሰልችቶኝ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

"ደውሎልህ ነበር?"

"ተኝቼ ነበር ማማ" አልኩ።

ጉልበቴን ቸብ አደረገችኝ። "አይዞህ።"

አምፕሊፋየሩን አጠፋሁ። "ነገ እንቀጥላለን፣ ይሞቃል፣ ይቃጠላል" አልኳት።

ያን ሌሊት ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የተሰማ አይደገምም። እንግዲያው እኔ ቀድሜ ብሰማው... ክፉውን ሁሉ ብቻዬን ሰምቼ ብጨርሰው፣ ለእሷ የሚቀር አይኖርም። "ወዲያው ነው" የሚለውን ይዛ ትኖራለች። ስልኩን አላነሳሁም። ይህንን አነሳለሁ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አበራሁ።

ጎማው ሲንሸራተት... ከዚያ ምቱ። ከዚያ ጸጥታ።

አበቃ አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ፖሊሱ እውነቱን ነው።

ከዚያ ትንሽ ድምፅ መጣ። ቲክ... ቲክ... ቲክ። የመኪናው መታጠፊያ መብራት። ከሥሩ ደግሞ ውሃ... ቀስ ብሎ፣ ባልዲ እንደሚሞላ።

"ማማ" አለ ኢዜል።

ኡኡታ አልነበረም። ከሌላ ክፍል እንደሚጠራ ሰው ነው።

አንድ ሰዓት አዳመጥኩ። ሁለት ሰዓት። እግሩ እንደተያዘ ለራሱ ተናገረ። ቀለደ፦ "ቡከር ቢያየኝ ጥምቀት ደገምክ እንዴ ይለኛል።" ጸለየ። አንጎራጎረ። ከእርሻው በኩል ፓምፕ ሲነሳ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ውሃው ፈጠነ።

በሦስት ሰዓት እናቴ በሩን አንኳኳች።

"ታድ? ዛሬ አትከፍትልኝም?"

"ተበላሽቷል ማማ። እየሠራሁት ነው።"

"የሱን ድምፅ ሳልሰማ ምን ይወርድልኛል?"

"ትንሽ ቆዪ ማማ።"

እግሯ ራቀ። በማዳመጫው ውስጥ ኢዜል፦ "ማማ... በሩ ላይ ነሽ?" አለ።

ማዳመጫውን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት።

ስድስተኛው ሰዓት ላይ ድምፁ ተለወጠ። ቃላቱ በውሃ መሃል ይቆራረጡ ጀመር። ትንሽ ቀርቶኛል... ትንሽ ብቻ። ምናልባት አምስት ደቂቃ።

ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ጣልኩት፣ ማሽኑንም አጠፋሁት።

የመጨረሻውን አልሰማሁም። ለሁለተኛ ጊዜ ስልኩን ገለበጥኩት።

ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ ብዙ ቆየሁ። መስማት ካልቻልኩ፣ ማንም እንዳይሰማው ማድረግ እችላለሁ። ሰም።

ፒካፑን ከቤዙ ፈታሁት። ማግኔቶቹን ለይቼ መጠቅለያውን ብቻ ያዝኩ። በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ውሃ ጣድኩ፣ ውሃው ላይ ሰም ያለበት ድስት። ሲቀልጥ በሽቦ አንጠልጥዬ ነከርኩት።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ተኩል።

ይህን ሥራ የማታውቁ እንድትረዱኝ... ሲነከር አረፋ ይወጣል። ሽቦዎቹ መሃል ያለው አየር ነው፣ ሰሙ ሲገባ እሱ ይወጣል። አረፋው ሲያቆም ሥራው አለቀ ማለት ነው። አስር ደቂቃ፣ ቢበዛ ሃያ።

ሃያ ደቂቃ አለፈ።

አረፋው አልቆመም።

ግማሽ ሰዓት። በጣት የምታህል ዕቃ ናት። የወጣው አየር ከእሷ አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ከዚያ አወጣጡን አስተዋልኩ። ይወጣል... ያርፋል። ይወጣል... ያርፋል። ከዚያ ፈጠነ። ከዚያ ብዙ አንድ ላይ፣ እንደሚፍጨረጨር ነገር።

ምድጃውን አጠፋሁ። ለውጥ የለም።

"ምንድን ነው የምታደርገው?"

እናቴ። በሩን አልቆለፍኩም ነበር።

"ፒካፑን... እያጸዳሁት ነው ማማ። ለእሁድ።"

አልመለሰችልኝም። መጥታ ድስቱን አየች። አረፋውን አየች። የለበሰችው ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደ ሌላ ሰው ልብስ ተንጠልጥሏል።

"ስንት ሰዓት ቆየ?" አለች።

"ግማሽ ሰዓት..."

"ስለ ልጄ ነው የጠየቅሁህ።"

ዓይኔን ከእሷ ላይ ወደ ድስቱ መለስኩ።

"ስድስት ሰዓት ሙሉ ነው አይደል?" አለች ራሷ። "ያን ቀን ከንጋት እስከ እኩለ ቀን ሲጠራኝ ነበር። ኩሽና ውስጥ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ማንም የለም አልኩ። ማሽኑ ነው አልኩ... የልብስ ማጠቢያው።"

"ማማ፣ ፖሊሱ ግን..."

"ፖሊሱ ደግ ሰው ነው። ለሱ ብዬ ነው የምደግመው።"

 እኔ ከእሷ ስደብቅ፣ እሷ ከእኛ ስትደብቅ።

"ማማ... እኔ ተኝቼ አልነበረም" አልኩ። "ስልኩን አይቼዋለሁ።"

"አውቃለሁ" አለች። ተቆጥታ አይደለም። ደክሟት ነው። "አሁን ዝም በል። የሚለውን ልስማ።"

ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች። ምንም አልተሰማኝም፤ የአረፋ ድምፅ ብቻ ነው። እሷ ግን ሰው እንደሚያወራት ራሷን ትነቀንቃለች።

"እሺ... እሺ ልጄ... መጣሁ።"

"ምን ይላል?" አልኩ በሹክሹክታ።

"እጄን ያዥኝ ይላል።"

ሳልይዛት እጅጌዋን ሰበሰበች። ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ ሰሙ ውስጥ ከተተችው።

"ማማ!"

ሰሙ ገና ትኩስ ነበር። አልጮኸችም። ፊቷ እንኳ አልተኮማተረም። ክንዷን ይዤ ልጎትት ሞከርኩ... አልተነቃነቀም። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ለሦስት ሳምንት በቅጡ ያልበላች ሴት ናት። አልቻልኳትም። እሷን ብቻ እየጎተትኩ አልመሰለኝም።

አንጎራጎረች። የኢዜልን መዝሙር። ሦስተኛውን ስንኝ፣ እሱ ያልደረሰበትን።

አረፋው ዝግ አለ። ይወጣል... ያርፋል።

ይወጣል... ያርፋል።

አንድ ትንሽ አረፋ ብቻዋን ወጣች። ፈነዳች።

ሌላ አልመጣም።

እናቴ እጇን አወጣች። ቆዳዋ ላይ ነጭ ሰም ጓንት ሠርቶ ነበር፣ እስከ አንጓዋ ለስላሳ። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው። እኔም አየሁ።

ለስላሳ ያልሆነበት ቦታ ነበር። በእጇ ጀርባ ላይ አራት ጎድጎድ ያሉ መስመሮች በጎን ተጋድመዋል። በመዳፏ በኩል ደግሞ አንድ፣ አጠር ያለ፣ ወፈር ያለ።

ሰው እጇን እንደጨበጠ።

ውሃ አምጥቼ ላቀዘቅዝላት ተነሳሁ። "ተወው" አለችኝ። "አትንካኝ። ቆይ።"

ቆምኩ። ጎረቤታችን አሁንም ሳር ያጭዳል።

ሰሙ እየደረቀ፣ እየነጣ ሄደ። ሁለታችንም እጇን እያየን ነበር። የጣቶቹ ቦታ ግን እየደረቀ አልነበረም...

ቀስ ብሎ፣ እያየነው፣ ጠበቅ አለ።